አራት በር፣ አንድ ድስት

አክስቴ ለሁለት ሰው ማብሰል አትችልም። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ እጇ አልለመደውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአራት መቶ ልጆች ምሳ ስትሠራ፣ ጨው በጭብጥ ዘይት በጣሳ ስትለካ ኖራ ጡረታ ወጣች። ልጆቹ «እማማ ጭልፋ» ይሏት ነበር፤ ስሙ ከትምህርት ቤቱ አጥር ዘሎ ሰፈር ድረስ ተከትሏት መጣ። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ሥራ ከተባለ። አብሬያት ስኖር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ከቤታችን ምግብ ተርፎ ለጎረቤት ያልወጣበትን ቀን አላስታውስም። ስቆጣት «እጄ ነው፣ እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ?» ትለኛለች።

የምንኖርበት ግቢ አራት በር አለው፤ መሃሉ ላይ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። የመጀመሪያው በር የእኛ ነው። ሁለተኛው የሚጢጢና የእናቷ። እናቷ ቢሮ ታጸዳለች። ሚጢጢ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በአምስት ዓመቷ የስኳር በሽታ ተገኝቶባት ከዚያ ወዲህ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ትወጋለች። ሦስተኛው በር የጡረተኛው መምህርና የባለቤታቸው፣ አራተኛው ደግሞ የሹፌሩ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር። ሲደመር አስራ አንድ ነፍስ። ሹፌሩ «የኳስ ቡድን ሞልተናል እኮ፣ እማማ ጭልፋን በረኛ እናደርጋለን» ይላል። ነዳጅ ጠፍቶ መኪናውን ካቆመ ወዲህ ቀልድ ብቻ ነው ሥራው።

ኑሮው የከፋበትን ቀን ቆርጬ መናገር አልችልም። መጀመሪያ ዘይት ጠፋ፤ ሲመጣ በእጥፍ ዋጋ መጣ። ከዚያ ባለሱቁ ጠዋት የነገረሽን ዋጋ ከሰዓት ይክድሽ ጀመር፤ ስትቆጪው «እኔ ምን ላድርግ እህቴ?» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ እሱስ ምን ያድርግ? የመምህሩ ጡረታ ሳምንት መድረስ አቃተው። የሚጢጢን እናት አሠሪዎቿ ግማሽ ቀን አደረጓት። የእኛ ፋብሪካ «ጨርቅ አልገባም» እያለ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይጠራን ጀመር። የጋዙንማ ነገር አታንሱብኝ!

አንድ ቀን ጠዋት አክስቴ ግቢው መሃል ቆማ ጮኸች። «ኧረ ምን ዓይነት እብደት ነው! አራት ምድጃ እያነደዳችሁ አራት ቦታ ጥሬ ትበላላችሁ? ያላችሁን አምጡ!»

መጡ። መምህሩ ሩዝ፣ የሹፌሩ ሚስት ምስር፣ የሚጢጢ እናት አምስት ድንች። አንድ ምድጃ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስትሰናበት የሰጧት ያ ትልቅ ድስት ተጣደ። በአንድ ሲሊንደር ጋዝ አስራ አንድ ሰው ጠገበ። ሰባት ወር እንዲህ ኖርን። ይሄን ዘዴ ያስተማረን ምሁር የለም፣ ያወጀልን ባለሥልጣን የለም፤ አክስቴ ናት። በእነዚያ ሰባት ወራት እንደ አዲስ ሙሽራ ነው ፊቷ የበራው።

ጉዱ የመጣው የድጋፍ ካርድ ምዝገባ ሲጀመር ነው። ካርድ ያለው ሰው ዱቄትና ዘይት በቅናሽ ያገኛል፤ ይህ ይሁን ግድ የለም። ትልቁ ነገር መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያው እስከዚያ ድረስ ለሁሉም በነጻ ይሰጥ የነበረውን ኢንሱሊን «ከእንግዲህ ካርድ ላለው ብቻ» አለ። ከግል መድኃኒት ቤት እንዳይገዛ አንዱ ብልቃጥ የሚጢጢን እናት የወር ደመወዝ ጠራርጎ ይወስዳል። በሚጢጢ እጅ የቀረው አንድ ብልቃጥ ነው፣ እሱም የተከፈተ፤ በግቢው ያለው ብቸኛ ፍሪጅ የእኛ ስለሆነ እኛ ዘንድ ነበር የሚቀመጠው። ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ብልቃጥ ላይ ይሄዳል።

መዝጋቢዋ የመጣችው በምሳ ሰዓት ነበር። ቀጭን፣ ወጣት፣ የጫማዋ ተረከዝ ያለቀ፣ ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ ናት። አስራ አንዳችንም ከአንድ ድስት ስንበላ ደረሰች። «እናቴ፣ ለስንት ሰው ነው የሚያበስሉት?» አለች። አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አስራ አንድ! ሌላም ቢመጣ ይበቃል!» ክዳኑን ከፍታ አሳየቻት፣ በግድ አስቀመሰቻት፣ ስትሄድም እስከ ግቢው በር ሸኘቻት።

ለካ ቅጹ ላይ የተጻፈ ደንብ አለ፤ ከአንድ ድስት የሚበላ ሰው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። ጡረታው፣ የጽዳት ደመወዙ፣ የእኔ ሁለት ቀን፣ የአክስቴ ጡረታ አንድ ላይ ተደመረና «ገቢያቸው ለድጋፍ ከተወሰነው መጠን በላይ ነው» ተባልን። ዝርዝሩ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከአራቱ በሮች የአንዳችንም ስም የለም። የሚጢጢ እናት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች። አክስቴ ግን ቤት ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠችና «ምነው አፌን በቆረጠው!» አለች። ያን ቀን ምሳ አልሠራችም። ከሰባት ወር ወዲህ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

መምህሩ አቤቱታ ጻፉ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፤ በአስር ቀን ውስጥ መዝጋቢዋ ሳትናገር በምሳ ሰዓት ድጋሚ ትመጣለች፣ አራት ቤተሰብ መሆናችሁን ታያለች። ተሰብስበን መከርን። «ቀላል ነው፣ አራት ድስት እንጣድ» አለ ሹፌሩ። አራት ድስት የሚያበስል ጋዝ ከየት ይምጣ? ስለዚህ እንዲህ ተስማማን፤ አክስቴ እንደ ወትሮው የሁላችንንም በትልቁ ድስት ቶሎ ታበስላለች፣ ድስቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋችን ስር ይገባል፣ እላይ ምድጃው ላይ ደግሞ ትንሽ ድስት ይቀመጣል። ሌሎቹ በየቤታቸው ውሃ ሞቅ አድርገው ክዳን ይገጥሙበታል። የምሳ ሰዓት ካለፈና ማንም ካልመጣ በጎን በጎን እየመጡ ይወስዳሉ። ሚጢጢ ብቻ መቆየት ስለማትችል ቀድማ ትበላለች።

አክስቴ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም። ውሸት አታውቅም አልልም፣ ታውቃለች፤ ምግብ መደበቅ ግን አታውቅም። የግቢው በር ሲንኳኳ ዓይኗ ቀጥ ብሎ አልጋው ስር ይሄዳል። አንድ ቀን ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች፣ አንድ ቀን ጭራሽ ረሳችው። እኔም ከሷ አልሻልም። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ሳል ሲል ገና ያልተጠቀለለውን ድስት በእግሬ ገፋሁትና የአልጋውን ብረት መታው፣ እንደ ደወል ጮኸ። ሰውየው «ምን ወደቀ?» ሲል አክስቴ «እሷ ናት» ብላ ወደኔ ጠቆመች። ለአንድ ሰከንድ ሳቅን። ከዚያ ፍሪጁን ከፈትኩ፣ ብልቃጡን አነሳሁ። ከግማሽ በታች ነበር።

ዘጠነኛው ቀን መጣ። የሚጢጢ እናት ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ሥራ ላይ ስለምትቆይ የቀኑን መርፌ የምወጋት እኔ ነኝ። ደንባችን የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ የግቢው በር ይታያል፣ እንግዳ ከሌለ ትወጋለች፣ እጇን ታጥባ ሳህኗን ይዛ ትመጣለች። ከተወጋች በኋላ ምግብ ከዘገየባት ስኳሯ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ሲወርድባት አይቻለሁ፣ አያድርስ ነው። ያን ቀን በሩን ሳላይ እነሱ ቤት ገብቼ ወጋኋት። ስምንት ቀን ሙሉ አይቼ ማንም ስላልመጣ ዛሬም ማንም አይመጣም ብዬ። እሷን «ሳህንሽን አምጪ» ብዬ ወደ ቤቴ ስገባ መዝጋቢዋ አልጋችን ላይ ተቀምጣለች።

ክው አልኩ። ወንበሩ ላይ የተጣጠፈ ልብስ ተቆልሎ ስለነበር ነው አልጋው ላይ የተቀመጠችው። ከእግሮቿ ኋላ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ የአስራ አንድ ሰው ሩዝና ምስር በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይፋጃል። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ ያችን ትንሽ ድስት ታማስላለች፤ ምንም የሚማሰል ነገር የላትም።

«የእህት ልጅ ነሽ አይደል? ቁጭ በይ፣ ለሁለታችሁም ጥያቄ አለኝ» አለችኝ መዝጋቢዋ።

«ውሃ ላምጣልሽ?»

«አልጠማኝም። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ወዲያው ሚጢጢ ሳህኗን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። «እማማ፣ ምሳዬን» አለች።

አክስቴ ማማሰሏን አቆመች። «ምሳሽ እናትሽ ቤት ነው።»

«እናቴ ቤት ያለው ውሃ ነው እኮ።»

መዝጋቢዋ ቀና አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አክስቴ ፊቷ ደም ለበሰ፤ ከዚያ በሕይወቷ ለማንም ልጅ ተናግራው የማታውቀውን ነገር ጮክ ብላ ተናገረች። «ሂጂ አልኩሽ! እዚህ ያንቺ ምሳ የለም!»

ሚጢጢ አላለቀሰችም። አክስቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ሳህኗን ገልብጣ ብብቷ ስር ያዘችና ሄደች።

«ማን ናት?» አለች መዝጋቢዋ።

«የጎረቤት ልጅ» አለች አክስቴ።

ጥያቄው ቀጠለ። ቤቱ የማን ነው? ኪራዩ ስንት ነው? ሬዲዮ አላችሁ? ቴሌቪዥን? ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ከማየት በቀር ምንም አልሰማም። አስር ደቂቃ። ተነስቼ ልውጣ? ምን ብዬ? አንድ የተሳሳተ ቃል ከተናገርኩ መድኃኒቱ ቀረ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ልጅቷ። አስራ አምስት ደቂቃ። አክስቴም ሰዓቱን ታያለች፣ ሳየው አየችኝ።

«በሳምንት ስንት ጊዜ እንቁላል ትበላላችሁ?» አለች መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

አክስቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። አልጋው አጠገብ ሄደችና በርከክ አለች። «ልጄ፣ እግርሽን አንሺልኝ» አለቻት።

መዝጋቢዋ ግራ ገብቷት እግሮቿን አነሳች። አክስቴ ብርድ ልብሱን ጎተተች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ጭልፋ አጥልቃ ሳህን ሞላችና ሮጣ ወጣች። በስልሳ ስምንት ዓመቷ ስትሮጥ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት። እኔ ከመደርደሪያው የስኳሯን ጣሳ ይዤ ተከተልኳት።

ሚጢጢ ከታንከሩ ኋላ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ጉልበቷ ላይ ያለው ሳህን ይንቀጠቀጣል። አክስቴ አቀፈቻት። በማንኪያ ስኳር ወደ አፏ ሳስጠጋ ጥርሷን ገጠመች።

«ክፈቺ የኔ ልጅ፣ ክፈቺ!»

«የለም ብለሽኛል» አለች በተኮላተፈ አፍ። «ያንቺ የለም ብለሽኛል።»

አክስቴ ያለቀሰችው ያኔ ነው። እያለቀሰች አፏን በጣቷ ከፈተች፣ እኔ ስኳሩን አስገባሁ። ዋጠች። እንደገና። ቆይቶ ዓይኗ ጠራ፣ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። ከዚያ አክስቴ ሩዙን እያበረደች ታጎርሳት ጀመር።

ቀና ስል መዝጋቢዋ በሮቹን እየዞረች ድስቶቹን ስትከፍት አየኋት። የመምህሩን ከፈተች፤ ውሃ። የሹፌሩን ከፈተች፤ ውሃ። ሹፌሩ «ሾርባ ነው፣ ቀጠን ብሎ ነው» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ተመልሳ መጥታ አጠገባችን ቆመች።

«ኢንሱሊን ትወጋለች?»

«አዎ» አልኳት።

«ስንት ቀርቷታል?»

«የስድስት ቀን፣ ቢበዛ የሰባት።»

አክስቴ ቀና አላለችም። «ጻፊው። አንድ ድስት ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ እነሱ ምንም አላደረጉም» አለች።

መዝጋቢዋ ወረቀቷን አየች። «አንድ ድስት ብዬ ከጻፍኩ አራታችሁም ትቀራላችሁ። አራት ድስት ብዬ ከጻፍኩና ተቆጣጣሪ ከመጣ፣ ውሃውን ያገኘዋል። የኔም ኮንትራት የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ማንም ሳታይ ቀስ ብላ ጠየቀች። «እናቴ፣ እርስዎ ምግብ እያበሰሉ ለጎረቤት ይሸጣሉ አይደል?»

«ምን አልሽ?»

«የሚሸጥ ሰው ካለ፣ የሚገዙት ሰዎች ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ናቸው። ደንቡ እንደዚያ ነው። ሦስቱ ካርድ ያገኛሉ። እርስዎ ግን ንግድ አለዎት ይባላል፣ አያገኙም።»

አክስቴ ብድግ አለች። «እኔ? ምግብ ልሸጥ? ለነዚህ? በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰው እጅ...» አልጨረሰችውም። መምህሩ ክርኗን ያዟት፣ «እማማ፣ እባክዎ» አሉ። እሷ ወደ ታች ሚጢጢን አየች። ልጅቷ ራሷ ማንኪያ ይዛ እየበላች ነው፣ ሁሉንም ትሰማለች።

«እሸጣለሁ» አለች አክስቴ።

መዝጋቢዋ ጻፈች። አክስቴን በጣት አሻራ አስፈረመች፣ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥበቃ ለጠላቴም አልመኝም። መዝጋቢዋ ሐሳቧን ብትቀይርስ? አለቃዋ ባይቀበልስ? የሚጢጢ እናት ሌሊቱን ስትንጎራደድ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን በዓይኔ ስለካ ሰለቸኝ። በአምስተኛው ቀን ዝርዝሩ ተለጠፈ። የመምህሩ ስም አለ። የሹፌሩ አለ። የሚጢጢ እናት አለች። የአክስቴ የለም። የሚጢጢ እናት ከጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዳ ሁለት ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ ፍሪጅ ውስጥ ሳስቀምጣቸው እጄ ላይ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ሙሉ ናቸው። አክስቴ «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች። ሹፌሩ «ባለ ሬስቶራንቷ፣ በብድር ትሰጫለሽ?» ሲላት እንኳ በጥፊ ልትለው እጇን አንስታ ሳቀች። ለራሷ ካርድ ቀረብኝ ብላ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ትልቁ ድስት ከአልጋ ስር መውጣቱ ለሷ በቂ ነበር።

ያን ቀን ማታ የሚጢጢ እናት ልጇን አስቀምጣ ስታስጠናት ሰማሁ። ተቆጣጣሪ ይመጣል ብላ ፈርታለች፤ አልፈርድባትም። «ማንም ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?» «ከእማማ እንገዛለን።» «እንደገና።» «ከእማማ እንገዛለን።»

በማግስቱ በሩን አይቼ ወጋኋት። ወደ ቤት ገብቼ ሩዙ ሲወጣ ሚጢጢ መጣች። ግን አልገባችም፤ ከደፉ ውጭ ቆመች። በግራ እጇ ሳህን ይዛለች፣ ቀኝ እጇ ተጨብጧል።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች አክስቴ።

ሚጢጢ ጭብጧን ከፈተች። አንድ ሳንቲም ነበር። «ልገዛ ነው የመጣሁት።»

አክስቴ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። «የምን መግዛት ነው! ያንቺ ገንዘብ እዚህ አይሠራም፣ ነይ ቁጭ በይ።»

ልጅቷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። «ካልገዛሁ ምሳ የለኝም» አለች።

አክስቴ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «አለሽ የኔ እናት፣ አለሽ! ያን ቀን የጮህኩት...» ብላ እጇን ዘረጋችላት። ሚጢጢ ሌላ እርምጃ ሸሸች፣ ጀርባዋ ታንከሩን ነካ። ሳንቲሙን አልሰበሰበችውም፤ እጇ እንደተዘረጋ ነው። አክስቴ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ሰዓቱን አየሁ። ከተወጋች አስራ ሁለት ደቂቃ ሆኗታል።

«ተቀበያት» አልኳት።

«አልችልም።»

«ተቀበያት እንጂ! ጊዜ የለም!»

አክስቴ ወጥታ ፊት ለፊቷ በርከክ አለች። መዳፏን ዘረጋች፣ ሚጢጢ ሳንቲሙን አስቀመጠችበት። ከዚያ ገባች፣ ጥጓ ላይ ተቀመጠች፣ የተሞላላትን ሳህን ጠርጋ በላች።

በማግስቱም ሳንቲም ይዛ መጣች።